የእሜቴ ጉዝጓዝ

ልብስ ሰፊዋ አይጥ ትፈራለች። ይህን የማያውቅ የመንገዳችን ሰው የለም። ፍርሃቷ እሪ ብሎ ወንበር ላይ የሚያስወጣ ዓይነት አይደለም። ድምፅዋ ይጠፋል፣ እጇ ይቀዘቅዛል፣ እንደ ቆመች ትቀራለች። ልጅ ሆና ስፌት በምትማርበት ቤት የተጠቀለለ ገበር ስትዘረጋ፣ ከመሃሉ የወጣች አይጥ በእጅጌዋ ገብታ እስከ ብብቷ ድረስ ሄዳለች። ይህን ስትነግረኝ እንኳ ያንን ክንዷን በሌላው እጇ ጭምቅ አድርጋ ይዛ ነበር። ሱቋ ውስጥ ብጣሽ ጨርቅ መሬት ላይ የማያድረው ለዚህ ነው።

ታናሽ ወንድሟ ደግሞ የሚተዳደረው በአይጥ ነው። በአንድ የምርምር ቤት የእንስሳቱን የሽቦ ቤት ያጸዳል። ለሥራው ያረጁ ሁለት ነጭ አይጦች አለቃው ፈቅዶለት ወደ ቤቱ ወሰዳቸው። አንዷ ሞተች። የቀረችውን «እሜቴ» ብሎ ጠራት። ለምን እንደማያገባ ሲጠይቁት «እሜቴ አሉልኝ፤ እሳቸው ሳይፈቅዱ?» ይላል።

ሆዱን ሲያመው ከርሞ ኦፕራሲዮን ያስፈልግሃል ተባለ። ሆስፒታል ሊተኛ ሲሄድ በአንድ እጁ ጎኑን፣ በሌላው የሽቦውን ቤት ይዞ እህቱ ሱቅ ገባ።

«እትዬ፣ ሌላ ሰው የለኝም።»

«ጎረቤት የለህም? የሥራ ጓደኛ የለህም?»

«ለድመት ይሰጡብኛል።»

«እኔስ ለማን የምሰጣት መሰለህ?»

ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ሕመሙ ጨምደድ አደረገውና ጠረጴዛዋን ተደግፎ ቆመ። ፊቱን አየችው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እንዲህ ነጥቶ አይታው አታውቅም። «አስቀምጣት» አለች።

ቁጭ ብሎ አስረዳት። ጉዝጓዟ ያልታተመበት፣ የተቀዳደደ ወረቀት ነው። ሰጋቱራ አይሆንም፤ ሽታውና ብናኙ ሳንባዋን ይጎዳዋል። የምትሸናበት ጥግ በየቀኑ ይነሳል። ሽታው የሰው አፍንጫ እስኪሰነፍጥ ከተጠበቀ እሷ ቀድማ ታማለች። ደግሞ ሁሉም በአንዴ አይጣልም። ከአሮጌው አንድ እፍኝ ይተውላታል፤ ቤቷ መሆኑን የምታውቀው በጠረኑ ነው።

«ጨርቅም ቢሆን ይሆናል፣ ግን ክር የሚተው ከሆነ...»

«አንተ፣ ስለ ጨርቅ ለእኔ ልትነግረኝ ነው?»

በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ «ስነቃ መጀመሪያ የምጠይቅሽ ስለ እሷ ነው» አላት።

ይቺ ቃል ውስጧ ገባች። «ስነቃ» አለ። ባይነቃስ? በገድ የምታምን ሴት አይደለችም፤ ግን አይጧ እጇ ላይ ከሞተች ወንድሟም የማይነቃ መሰላት። ለማንም አልተናገረችውም። ለእኔ የነገረችኝ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የሽቦውን በር ከፈተች። እሜቴ ከወረቀቷ ውስጥ ወጥታ አፍንጫዋን እያንቀሳቀሰች ቀረበች። የልብስ ሰፊዋ እጅ አየር ላይ ቀረ። በሩን መልሳ ዘጋችው። በማግስቱም እንደዚያው። ምግብና ውሃውን ከውጭ ማቀበል ይቻላል፤ ጉዝጓዙን ግን እጅ ሳያስገቡ ማንሳት አይቻልም። ሽታው መነሳት ጀመረ።

በግድግዳ ብቻ የሚለያት ጎረቤቷ ፀጉር አስተካካይ ነው። ቁመቱ በሩን ስለሚሞላው ሰው ሁሉ «ግንቡ» ይለዋል። ብቅ ብሎ አሸተተ።

«ጎረቤት፣ ሱቁን ሽንት ቤት አደረግሽው እንዴ?»

«ቀልድህን ተውና አጽዳልኝ።»

«እኔ ምን አገባኝ? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ። ወንድምሽ ያመጣትን ወንድምሽ ያጽዳ።»

ያን ቀን ነው ዘዴ የመጣላት። ለእኔ ካሳጠረችው ካፖርት የተረፈ ወፍራም የሱፍ ቁራጭ ነበር። በረጅሙ የወጥ ቤት መቆንጠጫ ይዛ በሽቦው በር አስገባችና በወረቀቱ ላይ አነጠፈችው። ሲቆሽሽ ጫፉን በመቆንጠጫው ይዞ መሳብ፣ ሌላ ቁራጭ ማንጠፍ፣ በቃ። እጅ የለም፣ መንካት የለም። ሽታውም ቀነሰ። ስለ ጨርቅ የሚያስተምራት እንደሌለ እርግጠኛ ሆነች። ጠርዙን ግን አልጠቀለለችውም። ለአይጥ መኝታ ማን ጠርዝ ይሰፋል?

የኦፕራሲዮኑ ቀን ጠዋት ሱቋን ስትከፍት ሁልጊዜ የሚቀበላት ኮሽታ አልነበረም። ያንን ኮሽታ ስንት ጊዜ ረግማዋለች፤ አሁን ሲጠፋ ወደ ሽቦው ቤት ሮጠች። ማታ ያለበሰችውን መሸፈኛ ገለጠች። እሜቴ ጥግ ላይ ኩርምት ብላለች። በነጩ ፊቷ ላይ፣ በዓይኖቿ ዙሪያና በአፍንጫዋ ሥር፣ ቀይ ነገር ደርቋል።

«ደም! ግንቡ! ደም!»

ግንቡ እጁ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ ሮጦ መጣ። ከሩቅ አንገቱን አሰገገ።

«ሞታለች?»

«እኔ ምን አውቄ! ስልክም አልደውል ነገር፣ ይሄኔ አስገብተውታል።»

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ» አለ ግንቡ፤ እንደ ማጽናናት መሆኑ ነው።

ሌላ የምታደርገው ስላጣች ጨርቁን በመቆንጠጫው ያዘችና ሳበችው። አይጧ አብራ ተጎተተች። ሲጥ የሚል ቀጭን ድምፅ አወጣች። ግንቡ በአንድ ዝላይ የደንበኛ ወንበር ላይ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ መቆንጠጫውን ለቀቀች።

መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። ከካፖርቱ ቁራጭ ጠርዝ የተተረተረ የሱፍ ክር በእሜቴ የኋላ እግር ላይ ተጠምጥሟል። ደጋግሞ ዞሮ፣ ጠብቆ፣ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ከክሩ በታች ያለው እግር አብጦ ጠቁሯል። ወንድሟ አፉ ላይ የቀረው ቃል ይህ ነበር። ሊላት የፈለገውን አሁን ሰማችው።

«ግንቡ፣ ና ያዝልኝ፤ እኔ ልቁረጥ።»

«እኔ? ከሰው ፀጉር ሌላ ነክቼ አላውቅም!»

«ምላጭ ይዘህ በሰው ጉሮሮ ላይ የምትጫወት ሰውዬ!»

«ጉሮሮ አይነክስማ!»

ከወንበሩ አልወረደም። ፎጣ አነሳች። እጇ በረዶ ሆኗል። የሽቦውን በር ከፈተች፤ ያቺ ገበር ውስጥ የነበረችው አይጥ ዛሬም ብብቷ ሥር የምትሄድ መሰላት። ዓይኗን ጨፍና እጇን ሰደደች። ፎጣው ሥር ለስላሳና ትኩስ ነገር ነካች። ልቡ ይመታል፤ ከእሷ ልብ ይልቅ ይፈጥናል። እሷም ፈርታለች፣ አለች በሆዷ።

ተቀምጣ ጭኗ ላይ አደረገቻት። ክሩን በመቀስ መቁረጥ አይቻልም፤ መቀሱ የሚገባበት ክፍተት የለም። ስስ ሐር ላይ የጠበቀ ስፌት ስትፈታ የምታደርገውን አደረገች። መርፌ ወሰደችና በሹሉ ሳይሆን በደነዙ፣ ክር በሚገባበት ጫፍ፣ ከክሩ ሥር መግቢያ ፈለገች። አንዴ አመለጣት። እሜቴ አንገቷን ዞር አድርጋ ጥርሷን ጣቷ ላይ አሳረፈች። ልብስ ሰፊዋ መተንፈስ አቆመች። ጥርሱ አልጨመቀም፤ እዚያው ተቀምጦ ቆየ። ያኔ የመርፌው ጫፍ ገባ፣ ክሩ ጥቂት ቀና አለ፣ ትንሿ መቀስ ቀጭ አለች። ዙሩን አንድ በአንድ ፈታችው።

«ተቆረጠ?» አለ ግንቡ ከላይ።

«ክሩ ተቆረጠ። እግሩን እንጃ።»

እግሩ ጥቁር እንደሆነ ነው። ግንቡ ወርዶ ለብ ያለ ውሃ አመጣ፤ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጦ ሸሸ። በዚያ ውሃ አጠበቻት፤ የፊቷ ቀይ ሲታጠብ ቁስል የለውም፣ አይጥ ስትጨነቅ ከዓይኗ የሚወጣ ፈሳሽ መሆኑን ወንድሟ ኋላ ነገራት። ከዚያ መጠበቅ ብቻ ሆነ። አንድ ዓይኗ እግሩ ላይ፣ አንድ ዓይኗ ስልኩ ላይ። ደንበኛ መጥቶ በሩ ላይ ሆኖ ተመለሰ። እግሩ ወደ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ቀይ መጣ። አንዷ ጣት ብቻ እንደጠቆረች ቀረች። ስልኩ ዝም አለ።

ከሰዓት በኋላ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው። አንዲት ነርስ «ወንድምሽ ሊያናግርሽ ነው፣ ብዙ አታስወሪው» አለቻት። ከዚያ ወፍራም፣ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ድምፅ መጣ።

«እትዬ። እሜቴስ?»

እንባዋ ቀደማት። «አሉ» አለች፤ «ደህና ናቸው።»

«ምን ላይ ተኝተዋል?»

ወደ ታች አየች። ጠዋት ያስቀመጠቻት ቦታ ናት፤ ፎጣው ተገልጦ ወድቋል፣ አይጧ በባዶ እጇ ሥር ተጠቅልላ ተኝታለች።

«እኔ ጭን ላይ» አለች።

«ሲስተር» አለ ወንድሟ ከስልኩ ራቅ ብሎ፣ «ማደንዘዣው ገና አልለቀቀኝም መሰለኝ።»

መሳቅ ፈለገች፤ አልቻለችም። እጇ ሥር ያለው ምን እንደሆነ የገባት አሁን ነው። ጣቶቿ ቀዘቀዙ፣ ድምፅዋ ጠፋ፣ መነሳት አቃታት። ግንቡን በዓይኗ ጠራችው። ባዶውን የሽቦ ቤት ለማጽዳት ደፋር ነበር። እሷ የልብስ ቅድ የምታወጣበትን ንጹሕ ወረቀት እየቀደደ ከመረው። ከታች የነበረውን አሮጌ ወረቀት ጠቅልሎ ሊጥል ሲል ድምፅዋ ተመለሰ።

«ሁሉንም አትጣል! ከደረቁ አንድ እፍኝ ተው። ቤቷ መሆኑን በምን ታውቃለች?»

አይጧን በሁለት እጇ አንስታ መለሰቻት። እሜቴ እያነከሰች ወደ አሮጌው እፍኝ ሄደች፣ አሸተተች፣ ወረቀቱን እየጎተተች መኝታዋን ማበጀት ጀመረች። ኮሽታው ሱቁን ሞላው። ልብስ ሰፊዋ እጇን ብብቷ ሥር አድርጋ፣ እየተንቀጠቀጠች፣ ቆማ ሰማችው።