ጉትቻ ያደረጉ አይጦች

ሰውየው የጉልምስና ዘመኑን በሙሉ አይጥ ሲገድል ኖሮ፣ በስተእርጅናው አይጥ እየያዘ መልቀቅ ሥራው ሆነ። ይህን ለማንም ማስረዳት አልቻለም። ለሚስቱም ጭምር።

ድሮ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር የሚሠራው። ማታ መርዝ ያስቀምጣል፣ ጠዋት የሞተውን በአካፋ ሰብስቦ ያቃጥላል። ሥራው አይማርክም፤ ግን ሰው ያከብረው ነበር። መጋዘኑ ሲዘጋ አንዲት ተመራማሪ ቤቱ ድረስ ፈልጋው መጣች። የእንስሳት ሐኪም ናት። "የአይጥን ጠባይ የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ ጋሼ" አለችው። ደረቱ ተነፋ፤ እሺ አለ። ሥራው ምን እንደሆነ የጠየቀው ከፈረመ በኋላ ነው።

ሥራው ይህ ነው። አመሻሽ ላይ ትንንሽ የቆርቆሮ ሳጥኖች በስንዴው ማሳ ውስጥ ይደረድራል። አይጧን የሚይዙ እንጂ የማይገድሉ ወጥመዶች ናቸው። የኦቾሎኒ ቅቤ ከአጃ ጋር ለውሶ በየሳጥኑ ይጨምራል፤ ሌሊት እንዳይበርዳት ደግሞ ጥጥ ያነጥፍላታል። ጠዋት የተያዘችውን በከረጢት አድርጎ ይመዝናል፣ ለምርመራ የሚሆን ጠብታ ደም ከጅራቷ ይወስዳል፣ ጆሮዋ ላይ ቁጥር ያላት ቅንጣት የምታህል የብረት ምልክት ይሰካል። ከዚያ ይለቃታል። እዚያው፣ የያዘበት ቦታ።

"ትለቃታለህ?" አለችው ሚስቱ የሰማች ዕለት።

"እለቃታለሁ።"

"አብልተህ፣ ጥጥ አንጥፈህ፣ ጉትቻ አድርገህላት?"

"ጉትቻ አይደለም። ምልክት ነው።"

"ለእኔ ከሠርጋችን ወዲህ ጉትቻ ገዝተህልኝ አታውቅም።"

ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ በሙሉ "የአይጥ አባት" ይለው ጀመር። ምልክቷም ጉትቻ ሆና ቀረች። በመጨረሻ እሱ ራሱ ጉትቻ ማለት ጀመረ፤ መከራከር ሰለቸው።

የጥናቱ ጥያቄ ለሕፃን የሚገባ ነበር። ስንዴው ሲታጨድ አይጦቹ የት ይሄዳሉ? ያንን ያወቀ ሰው መርዙን በከንቱ ማሳ ላይ አይበትንም። በየዓመቱ ከአጨዳ በኋላ ሰፈሩን የሚጥለው ትኩሳትም ከአይጥ የሚመጣ ከሆነ በየት በኩል እንደሚመጣ ይታወቃል። አይጧ ጆሮዋ ላይ ቁጥር ይዛ ትሄዳለች፤ በተያዘችበት ቦታ ቁጥሯ ይነበባል፤ በቃ።

ስንዴው ታጨደ። ወጥመዶቹ ባዶ ሆኑ። ጉትቻ ካደረገላቸው አይጦች አንዲቷ እንኳ ተመልሳ አልተያዘችም። ምድር አፏን ከፍታ የዋጠቻቸው ይመስል ነበር።

"አጥሩ ውስጥ ናቸው!" አለ ሰፈሩ በአንድ አፍ።

አጥሩ በማሳውና በቤቶቹ መካከል የተዘረጋ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ነው። ባለቤቷ ንብ የምታረባ አሮጊት ናት፤ ሁሉም እማማ ይላታል። በበጋ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ የሚያብበው እሱ ብቻ ነው። አጥሩ ከሌለ ንቦቹ ይሄዳሉ፤ ንቦቹ ከሄዱ እማማ የምትበላው የላትም። የገበሬዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ግን አጥሩን ሊያስነቅል ቆርጧል። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ሲናገር ጣቱን እንደ ጠመኔ ይይዛል።

"ቅዳሜ ስብሰባ ነው" አለው ለአይጥ አባት። "ዶዘሩ ተነግሮታል። ዶክተሯ አጥሩ ውስጥ አይደሉም ካለች እንተወዋለን። ካላለች ይነቀላል።"

ሰውየው አጥሩ ውስጥ ወጥመድ ደርድሮ አይቷል። የተያዙት ጉትቻ የሌላቸው፣ አውራ ጣት የማያህሉ የጫካ አይጦች ናቸው። ይህን ለሊቀ መንበሩ ሲነግረው፣ "ያንተዎቹ የነቁ ናቸዋ! አንዴ ተይዘዋል፣ ደግመው ይገባሉ?" አለው።

ለዶክተሯ ደወለ።

"አጥሩ ውስጥ አይደሉም ማለት አልችልም" አለችው። "የት እንዳሉ ሳላውቅ የት እንደሌሉ እንዴት ልናገር? ከጠየቁኝ አላውቅም ነው የምለው።"

"አላውቅም ካሉ ይነቅሉታል!"

"ታዲያ እንዳውቅ ያድርጉኝ እንጂ፣ ጋሼ!"

ስልኩን ዘጋና ግንባሩን በመዳፉ መታ። ማሳ ላይ የሉም፣ አጥሩ ውስጥ የሉም። የቀረው ቤቶቹ ናቸው። ወጥመዶቹን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ በየበሩ መዞር ጀመረ።

መጀመሪያ ልብስ ሰፊው ጋ ሄደ።

"እኔ ቤት? አይጥ?" አለ ልብስ ሰፊው መነጽሩን አውልቆ። "አንተ ሰው ምን ነካህ?"

ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ጨርቅ ጠርዙ ተቀርጥፏል። ሰውየው በጣቱ አሳየው። "ይሄስ?"

"ፋሽን ነው።"

የወፍጮ ቤቷ ባለቤት ደግሞ ቃሉን ከአፉ ሳይጨርስ ክንዱን ይዛ ወደ ጥግ ጎተተችው። "ቀስ ብለህ አውራ እንጂ! አይጥ አለባት ከተባልኩ ማን እህል ያመጣልኛል?" ወለሉ ላይ የተበተነ ጥቁር ነገር ነበር። ምን እንደሆነ እሱ ያውቃል፤ ሥራው ነው። እሷ በጫማዋ ወደ ማሽኑ ስር ገፋችውና "የሻይ ቅጠል ነው" አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ሊቀ መንበሩ በሩን እንኳ ሙሉ አልከፈተለትም። "እኔን? ንጽሕና ሳስተምር የኖርኩትን?" በሩ ተዘጋ።

በመጨረሻ እማማ ጋ ሄደ። እሷ እንኳ እሺ ትለኛለች ብሎ ነበር፤ የሚነቀለው የእሷ አጥር ነዋ።

"እማማ፣ አንድ ወጥመድ ላስቀምጥ። እዚህ ቤት ከተያዘች አጥርዎ ይተርፋል።"

"የት? ቤቴ ውስጥ?" አለች አሮጊቷ፣ የማር ማሰሮ እየወለወለች። "ልጄ፣ እኔ ጋ ንብ እንጂ አይጥ የለም።"

ደሙ ፈላ። በሰፈሩ አይጥ የሌለበት ቤት እንዲህ ከበዛ፣ እነዚያ ሁሉ አይጦች ሻንጣቸውን ይዘው የት ሄዱ?

በማግሥቱ ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠብቅ የተሰለፈው ሁሉ ያሾፍበት ገባ። "የአይጥ አባት፣ ልጆችህ ደብዳቤ ጻፉልህ?" አለው አንዱ። "አግብተው ሄደው ይሆናል፤ ጉትቻ አድርገው ማን ዝም ይላቸዋል!" አለች ሌላዋ።

ገነፈለ። የያዘውን ጆንያ መሬት ላይ ጣለው።

"ሳቁ! ለእያንዳንዷ ጉትቻ የምጠየቀው እኔ ነኝ! ቁጥር አላት፣ ተመዝግባለች፣ በእጄ ናት የወጣችው! ቅዳሜ የት አደረስካቸው ሲሉኝ ምን ልበል? ጠፉ ልበል?"

ሳቁ ቀጥ አለ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። አፍረው ነው ብሎ፣ ጆንያውን አንስቶ፣ እህሉን ሳያስፈጭ ወጣ። ሚስቱ ምሳ ያቀረበችው ዱቄት የለም እያለች በመነጫነጭ ነው።

ማዕዱ ሳይነሳ ልብስ ሰፊው መጣ። ገብቶ በሩን ከኋላው ዘጋ፣ በመስኮት ወደ ውጭ አየ፣ ከኪሱ የክብሪት ቀፎ አወጣ። ቀፎው ውስጥ ጉትቻ ነበረች።

"ከስፌት መኪናዬ ስር ነው የገደልኳት" አለ በሹክሹክታ። "እንዳትታሰር ብዬ ነው የመጣሁት። እኔ ምን ላውቅ? ቁጥር አላት፣ የመንግሥት ንብረት ናት ብዬ ደነገጥኩና ቀበርኳት። ጉትቻዋን መጣል ደግሞ ፈራሁ።"

"ማን ነው የሚያስረኝ?"

"አንተ ራስህ አይደለህ የምጠየቀው እኔ ነኝ ያልከው?"

ሰውየው ጉትቻዋን አየ፣ ልብስ ሰፊውን አየ፣ ጣሪያውን አየ። ለመጮኽ አፉን ሲከፍት ሚስቱ ከጠረጴዛው ስር እግሩን ረገጠችው።

"አዎ" አለች እሷ። "ያለንበትን ጭንቅ ባየህ።"

ሊታሰር ነው የሚለው ወሬ ከሰው ሰው ተላለፈ፤ ሁሉም ግን የሰማው ለብቻው ነው። የወፍጮ ቤቷ ባለቤት በመሐረብ ጫፍ ቋጥራ ብዙ ጉትቻ አመጣች። "ያ የሻይ ቅጠል ነው" አለች፣ ሌላ ሳትጨምር። አንዲት ጎረቤት በቡሽ ክዳን፣ አንዱ በጓንት ጣት ውስጥ አድርጎ አመጣለት። እያንዳንዱ ሲወጣ "ለሰው እንዳታወራ" ይላል፤ እያንዳንዱ የተገደለችበትን ጥግ ሳይጠየቅ ይናገራል። ሰውየው ለእያንዳንዱ አንድ ወጥመድ በጨርቅ ጠቅልሎ አሸከመው። በነጋታው ጠዋት ወጥመዶቹ በዚያው ጨርቅ ተጠቅልለው ተመለሱ። ውስጣቸው ከማሳው የሚያውቃቸው አይጦች፣ ከነጉትቻቸው፣ ከነሕይወታቸው፣ ከበፊቱ ይበልጥ ወፍረው ተቀምጠዋል።

መጨረሻ የመጣው ሊቀ መንበሩ ነው። ፖስታ ዘረጋለት። "ይህንን አንድ የድሮ ተማሪዬ ነው የሰጠኝ።"

"የት ነው የገደላት?"

ሊቀ መንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "አልጋ ስር።"

"የማን አልጋ?"

"የእኔ።"

"ተማሪው እርስዎ አልጋ ስር ምን ይሠራ ነበር?"

ሊቀ መንበሩ ለወጥመዱ እጁን ዘረጋ። ወጥመዱን በካፖርቱ ደብቆ ወጣ።

ቅዳሜ ዶክተሯ መጣች። ዶዘሩ ከአዳራሹ ውጭ ቆሟል፤ ሹፌሩ ጥላው ውስጥ ተኝቷል። ዶክተሯ ነገር አላረዘመችም። የማሳው አይጦች ከአጨዳ በኋላ ወደ ቤቶች ነው የሚገቡት፤ ማስረጃ አለን፤ አጥሩ ጋ ያሉት ሌላ ዓይነት ናቸው፣ እህላችሁን አይነኩም። ትኩሳቱንም ከዚህ በኋላ ቤት ውስጥ ነው የምንፈልገው፤ አለች።

"የማን ቤት?" ብሎ ጮኸ ከኋላ አንድ ሰው።

ልብስ ሰፊው የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካ ጀመር። የወፍጮ ቤቷ ባለቤት ከጎኗ ካለችው ሴት ጋር ድንገት ወሬ ያዘች። የአይጥ አባት ተነሣ።

"ልዘርዝር?" አለ።

ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛውን መታ። "የሕዝቡን ጊዜ አናባክን! አጥሩ አይነካም። ዶዘሩ ይመለስ። የሚቀጥለው አጀንዳ!"

ከሰዓት በኋላ እማማ አስጠራችው። ማር ሞልታ ጠበቀችው፤ አመሰገነችው፣ መረቀችው። ሊወጣ ሲል ቆይ አለችውና ከመደርደሪያው ላይ አንድ ስኒ አወረደች። ገልብጣ መዳፉ ላይ አራገፈችው። ጉትቻ።

ሰውየው ቁጥሯን አነበበ።

"ይቺ መቼ ነው?"

"አጨዳው እንዳለቀ። ዱቄት ውስጥ ገብታ።"

"አጨዳው እንዳለቀ!" ድምፁ ከፍ አለ። "ያን ጊዜ ሰጥተውኝ ቢሆን ሁሉም ነገር ያን ዕለት ያልቅ ነበር! በየበሩ እየተሰደብኩ አልዞርም ነበር! አጥርዎን እኮ ሊነቅሉት ነበር፣ እማማ! ንቦችዎን! ቤትዎ መጥቼ ለምኜዎት፣ እዚችው ቆሜ!"

"ታዲያስ?" አለች አሮጊቷ፣ እሱ የጮኸበት ምክንያት ጨርሶ ሳይገባት። "እማማ ቤት አይጥ አለ ይበሉኝ?"

ሰውየው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ከከረጢቱ አንድ ወጥመድ አወጣ፤ ጥጡን አስተካከለ፣ የኦቾሎኒ ቅቤውን ቀባ።

"ዱቄቱ የት ነው ያለው?"

"ጓዳ" አለች። ተነሥታም ቀድማው ሄዳ የመስኮቱን መጋረጃ ሳበችው። "ቶሎ በል። ጎረቤት እንዳያይህ።"