ለአየሩ ፍትሐት

አክስቴ ያሳደገችኝ ከዳባት ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። ከቤቷ በላይ ባለው ተዳፋት አንዲት ላም ታሰማራለች፤ ከተዳፋቱ ሥር ደግሞ መንደሩ ሁሉ የሚቀዳው ምንጭ አለ። ዝናቡ እየዘገየ፣ ሲመጣም በአንድ ጊዜ እየወረደ አፈሩን ጠርጎ መውሰድ ከጀመረ ወዲህ ምንጩ ገና ፋሲካ ሳይደርስ ይቀጥናል። ሴቶቹ አንድ ጀሪካን ለመሙላት ግማሽ ቀን ይሰለፉ ነበር።

ከጎንደር አንዲት የካቶሊክ መነኩሲት የመጡት በዚህ የተነሣ ነው። ተዳፋቱ ከከብት ተከልሎ እርከን ቢሠራበት ሣሩ ያገግማል፣ ምንጩም ይመለሳል የሚል ሐሳብ ይዘው ነበር፤ መሣሪያውንና ችግኙን ቤተ ክርስቲያናቸው ትሰጣለች። እኔ ያኔ ደባርቅ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር። ሊያባዙት ያመጡት ጽሑፍ ላይ የፊደል ግድፈት አይቼ አርሜ መለስኩላቸው። አገሬን ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው።

"እንግዲያው አንተው ታነብልኛለህ" አሉ። "እኔ የሐዲያ ልጅ ነኝ፤ እኔ ካነበብኩት ቁም ነገሩን ትተው አነጋገሬን ነው የሚያዳምጡት።"

ስብሰባው ቅዳሴ እንደወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ወይራው ሥር ነበር። "ሲስተር" መባላቸውን የሰሙ እናቶች ልጆቻቸውን ለመርፌ አዝለው መጥተዋል፤ መነኩሲቷ ነርስ አለመሆናቸውን እስኪያስረዱ ጥቂት ጊዜ ሄደ።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። ድምፄ ትንሽ ነው፤ ነፋስም ነበር። "የአየር ንብረት ፍትሕ" የሚለው ላይ ስደርስ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ ሽማግሌ ቄስ ከፊት ተቀምጠው መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ ደገፉ።

"ለማን ነው ፍትሐቱ?"

"ለአየር ንብረት፣ የኔታ።"

"አየሩ ሞተ? እኛ ሳንሰማ?"

ሰው ሳቀ። መነኩሲቷ ግራ ገብቷቸው አዩኝ፤ የኔታ የሰሙት ለሙት የሚደረሰውን ጸሎት መሆኑን በሹክሹክታ ነገርኳቸው። እሳቸውም ሳቁ።

"መታመሙስ ታሟል፣ አባ" አሉ። "ያሳመሙት ግን እናንተ አይደላችሁም። ነዳጁን የሚያነድዱት ሌሎች አገሮች ናቸው፤ ምንጩ የደረቀው እናንተ ጋ ነው። ፍትሕ የምንለው ስለዚህ ነው።"

"እኛማ ያጨስነው ኩበት ብቻ ነው" አሉ የኔታ። "ካቶሊክ ይህን ያስተምራል?"

"ያስተምራል። ንጹሕ ውኃ የሰው መብት ነው እንጂ ምጽዋት አይደለም ይላል። ምድሪቱ ስትጎዳ አስቀድሞ የሚራበው ድኻው ነው ይላል።"

የኔታ መዳፋቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። "ፍትሕና ፍትሐት በግእዙ አንድ ቤት ናቸው" አሉ። "ፈትሐ ማለት ፈረደም ነው፣ ፈታም ነው። በል ቀጥል።"

አልቀጠልኩም። ከሴቶቹ መሐል አክስቴ ተነሥታ ነበር።

"ሌላውን ስትፈቱ የኔ ላም ልትታሰር ነው" አለች። ሌላው ሁሉ ታች ሜዳው ላይ ድርሻ አለው፤ እሷ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከዚያ ተዳፋት በቀር ሣር የላትም።

"ለመንደሩ ተብሎ ነው እንጂ" አለ ጎረቤታችን። "አንቺስ ከዚያው ምንጭ አትቀጂም?"

"እቀዳለሁ። ውኃውን አጠጥቼ ምን ላበላት ነው? ስብከት?"

መነኩሲቷ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው አጠፉት። "እኚህ እናት እሺ ሳይሉ ካስማ አይተከልም" አሉ። "ድኻ እያስራብን ምድር ብንጠግን ያስተማርኩት ሁሉ ውሸት ነው።"

"ታዲያ ምንጩ ለአንድ ላም ሲባል ይድረቅ?" አለ ጎረቤታችን። እሱም አልተሳሳተም፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ሆና ነበር የምትሰለፈው።

ብዙ ተከራከሩ። መውጫውን ያመጡት የኔታ ናቸው፦ ላሟ በደጅ ትታሰር፤ የተከለለው ሣር ሲያገግም ከማንም በፊት አክስቴ ትጨድ፤ እስከዚያው ሜዳው ላይ ድርሻ ያለው ሁሉ በየተራ ድርቆሽ ያምጣላት። "የመጀመሪያው ሸክም ከእኔ ቤት ይውጣ" አሉ።

"እርስዎ ሊሸከሙ፣ የኔታ? ከነመቋሚያዎ ወድቀው ጉድ ሊያደርጉኝ?" አለች አክስቴ።

"ተማሪዬ ይሸከማል" አሉ፣ በመቋሚያቸው ወደ እኔ እያመለከቱ።

አክስቴ ወዲያው እሺ አላለችም። መነኩሲቷን ይዛ ተዳፋቱን ወጣች፤ እኔም ተከተልኩ። ላሟ የምትወደውን ሣርና ንክች የማታደርገውን እየለየች አሳየቻቸው፤ መነኩሲቷም ቀሚሳቸውን ሰብስበው እያንዳንዱን ጎንበስ ብለው ያዩ ነበር። ሲወርዱ አክስቴ ድንጋይ አነሣችና ወንዶቹ ወሰን ይሁን ካሉት ቦታ ዝቅ አድርጋ፣ ጓሮዋ ጥግ አስቀመጠችው።

"እዚህ ካልሆነ የሰው ከብት በጓሮዬ ያልፋል" አለች። "ድርቆሹ ከቀረ ግን ድንጋዩን ራሴ አነሣዋለሁ።"

"እኔም መጥቼ አብሬዎት አነሣለሁ፣ እናቴ" አሉ መነኩሲቷ።

በማግሥቱ ሸክሙን ይዤ ስደርስ ላሟ ደጅ ታስራ ነበር። አክስቴ ድርቆሹን እስከ መሐሉ በእጇ ፈትሻ፣ አሽትታ፣ "አልሻገተም" አለችና አወረደችልኝ።