የጥቁር አዝሙዱ ጠርሙስ

ዓሊማ ይመር ዕድሜዋን የፈጀችው በማጠብ ነው። ካርቱም ሳለች የሰው ልብስ አጠበች። ሜልቦርን ከገባች በኋላ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ የላውንደሪ ፋብሪካ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብና ስታጥፍ ኖረች። ጡረታ ወጣች፣ አሁንስ ታርፋለች ሲባል ጀናዛ ማጠብ ጀመረች። ልጆቿ ሲያሾፉባት «እኔን ከውሃ ጋር ነው ያጋቡኝ» ትላለች።

ጀናዛ ማጠብ ለማንም የሚሰጥ ሥራ አይደለም። ሴት ስትሞት ከፍሌሚንግተን እስከ ሆፐርስ ክሮሲንግ ያለው የወሎ ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ለሐጃ ዘምዘም ነው፤ ሐጃ ዘምዘም ደግሞ ለዓሊማ ትደውላለች። ሥራውን ያስተማረቻት ራሷ ሐጃ ናት። ከቀኝ ጎን ተጀምሮ፣ ውሃው ሞቅ ብሎ፣ ሬሳው እንደ ሕፃን ገላ ቀስ ተብሎ ይታጠባል፤ በመጨረሻው ውሃ ካፉር የሚባለው ሽታው የሚያውድ ቅመም ይገባል፤ ፀጉሩ ሦስት ተደርጎ ይጎነጎናል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ሕግ አለ፤ አጣቢ ያየችውን አትናገርም። ጠባሳም ይሁን ዕጢ፣ ሰው ያላወቀው ቁስልም ይሁን፣ ከጨርቁ ሥር የታየው እዚያው ይቀራል። ዓሊማ በስምንት ዓመት ውስጥ ብዙ ሴት አጥባለች፤ ከአፏ ግን አንድ ቃል የሰማ የለም። በዚህ ትኮራለች። ኩራቷን ባትናገረውም አረማመዷ ላይ ይታይ ነበር።

እንግዲህ ይህች ሴት ናት ጣቶቿ አልታጠፍ ያሏት።

ቁርጥማቱ የጀመራት ገና ፋብሪካ ሳለች ነው። ቻል አድርጋ ኖረች። ባለፈው ክረምት ግን የቧንቧ መክፈቻ እንኳ በክርኗ መግፋት ጀመረች። አንድ ቀን ጀናዛ እያጠበች የሟቿን ክንድ ልታነሳ ስትል ከእጇ አመለጣት። አልወደቀም፤ ሐጃ ዘምዘም ከሥር ያዘችው። ምንም አልተባለም። ዓሊማ ግን ያን ምሽት ምግብ አልበላ አላት። እነዚህ እጆች ካልሠሩ ሰው እኔን ለምን ይፈልገኛል ብላ አሰበች፤ እውነቱን ለመናገር ከሕመሙ ይልቅ ያስለቀሳት ይህ ነው።

ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ በስልክ አስተርጓሚ አስጠራላት። አስተርጓሚዋ እንደ ደንቡ ስሟን ሳትናገር ቁጥሯን ብቻ ብትናገርም፣ ዓሊማ ገና «እንደምን ዋሉ» ስትላት ድምፅዋን ለየችው፤ ሲሀም ናት። የሲሀምን እናት ያጠበችው ዓሊማ ራሷ ነበረች። አሁን «እጄ አልታዘዝ አለኝ» ብትል ነገ ከተማው ሁሉ «የዓሊማ እጅ አለቀለት» ሊል ነው። ስለዚህ «ጀርባዬን ትንሽ ቆርጠም ያደርገኛል» አለች። ላልታመመው ጀርባዋ ፓናዶል ታዘዘላትና ወደ ቤቷ ተመለሰች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ስንቴ ሰምታለች፤ ለሌላውም ስንቴ መክራበታለች።

ኦንላይን መግዛትን ዓሊማ ያወቀችው በኮሮና ጊዜ የሚኖሩበት ሕንጻ የተዘጋባቸው ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ሒናውንም ሽርጡንም የጸሎት ምንጣፉንም ከስልኳ ትገዛለች፤ በዚህ ልጆቿንም ትበልጣለች። ከሐኪሙ በተመለሰች በሳምንቱ፣ ከቀትር በኋላ ሶፋዋ ላይ ተጋድማ «የእጅ ሕመም» የሚለውን ስትፈልግ አንድ ማስታወቂያ መጣላት። አንዲት ሽበታም ሴት የማርማላታ ክዳን ስትከፍት ትስቃለች። ሥሩ «የሄምፕ ዘይት ከሲቢዲ ጋር» ይላል። ስልኩ ተርጉሞ እንደነገራት ከተፈጥሮ የተገኘ ነው፤ የሚያሰክረው ነገር፣ ቲኤችሲ የሚሉት፣ ዜሮ ነው። ሁለት ሺህ ሰው አምስት ኮከብ ሰጥቶታል። ዓሊማ ሁለት ሺህ ሰው አይዋሽም ብላ ተጫነችው።

ዕቃው መጣ። ስትፈታው ጠርሙሱ ላይ የሐሺሽ ቅጠል ተስሏል፤ ያ አምስት ስድስት ጣት ያለው ቅጠል፣ የሠፈሩ ጎረምሶች ቲሸርት ላይ የምታየው። ክው አለች። ጫት እንኳ ቀምሳ የማታውቅ ሴት እኮ ናት። ልትጥለው ወደ ቆሻሻው ሄደች፤ ክዳኑን ለመያዝ ጣቷ እምቢ ሲላት ተመልሳ መጣች። ወረቀቱን በሙቅ ውሃና በቢላዋ ፋቀችው፤ የሙጫው ነገር ቅጠሉን ግማሹን አስቀረው። በመጨረሻ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ዘይቱ ሊያልቅ ትንሽ የቀረው የጥቁር አዝሙድ ጠርሙስ ነበር፤ እዚያ ላይ ገለበጠችው። ባለ ቅጠሉን ጠርሙስ በሦስት ፌስታል ጠቅልላ ከማዕድ ቤቱ መሳቢያ ሥር ወሸቀችው። ጥቁር አዝሙድ ከሞት በቀር ለሁሉም መድኃኒት ነው ይባላልና ጠርሙሱን ያየ አይጠረጥርም።

ማታ ማታ በማንኪያ ትጠጣው ጀመር። ዘይቱ ይሁን ተስፋው አላህ ያውቃል፣ በአሥረኛው ቀን ጣቶቿ ፈታ አሉ። በዚያ ወር ሁለት ጀናዛ አጠበች። የመጨረሻዋን ሟች ፀጉር ስትጎነጉን ጣቶቿ ታዘዙላት፤ ደስ አላት።

አሁን ናሲርን እናምጣው። ናሲር የአሚናት ልጅ ነው፤ አሚናት ፋብሪካ ውስጥ እሷ አንሶላውን በአንድ ጫፍ፣ ዓሊማ በሌላው ጫፍ ይዘው አብረው ሲያጥፉ የኖሩ የልብ ጓደኛዋ ነበረች። ከአራት ዓመት በፊት ሞታ ዓሊማ ናት ያጠበቻት። ናሲር አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሜልተን ቤት ገዝቶ ከሚስቱና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር ይኖራል። ጁምዓ ጁምዓ በእናቱ ፈንታ እየመጣ ዓሊማን ይጠይቃል፤ በራሱ ቁልፍ ነው የሚገባው።

አንድ ጁምዓ ሳል ይዞት መጣ። ዓሊማ የዓስር ሶላት ላይ ነበረች። ናሲር እንደ ቤተኛ ቁም ሳጥኑን ከፈተና ጥቁር አዝሙዱን አነሳ። በወሎ ሰው ቤት የሚያስል ሰው ይህን ለማንሳት ፈቃድ አይጠይቅም። ዓሊማ በዓይኗ ጥግ አየችው። ሶላት ላይ ያለ ሰው አይናገርም፤ ስለዚህ ለሩኩዕ ስታጎነብስ «አላሁ አክበር»ን ከፍ አድርጋ ጮኸችው። ናሲር ኢማኗ ጠንክሮ መሰለው። አንድ ማንኪያ ጠጣ፤ ፊቱን አኮማተረ፤ ከዚያ ጠርሙሱን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተና «ይህን ልውሰደው እትዬ፣ ነገ አዲስ አመጣልዎታለሁ» ብሎ ወጣ። ፈረቃው ደርሶበት ነበር።

ሶላቷን ጨርሳ መስኮቱ ጋ ስትደርስ መኪናው ከፓርኪንጉ እየወጣ ነው። ደወለች።

«ናሲር፣ ያ ጠርሙስ...»

«ያልቅብኛል ብለው ነው እንዴ እትዬ ዓሊማ? ነገ ሁለት አመጣለሁ አልኩ እኮ።»

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ቅጠሉ በዓይኗ መጣባት። «አይ» አለች፤ «ቢስሚላህ ብለህ ጠጣው ለማለት ነው።»

ዓሊማን የምወዳት ሰው ነኝ፤ ግን እዚህ ላይ አጥፍታለች። ለእሱ አንድ ቃል ብትል የሚመጣውን ሁሉ ታስቀር ነበር፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይላል የአገሬ ሰው። እሷ ግን ሳሉ ሲለቀው ይተወዋል ብላ ራሷን አባበለች። ናሲር ደግሞ ከሦስት ቀን በኋላ ደውሎ ሳሉ እንደለቀቀው፣ እንቅልፉም ስለጣፈጠለት ማታ ማታ መጠጣቱን እንዳልተወ ነገራትና ምርቃት ጠየቃት።

በሁለተኛው ሳምንት ናሲር በሚሠራበት የአውቶቡስ ዲፖ ውስጥ ድንገተኛ ምርመራ ተደረገ። የሹፌሮቹን ምራቅ ወሰዱ። የናሲር ቲኤችሲ አለበት ተባለ። ውጤቱ ከላብራቶሪ እስኪረጋገጥና ጉዳዩ እስኪታይ ከሥራ ታገደ።

ናሲር ማክሰኞ ጠዋት ዩኒፎርሙን ሳይለብስ መጣ። ተቀምጦ ወለሉን እያየ ነገራት።

«ሲጋራ እንኳ አጭሼ አላውቅም። ሚስቴ ምንም አላለችም፤ ግን የመኪናውን ዕቃ ማስቀመጫ ስትፈትሽ አየኋት። ሰውም ጀምሯል እትዬ፤ ‹ናሲር ሐሺሽ ጀመረ› እየተባለ ነው። እማ ብትኖር ምን ትል ነበር?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የናሲር ጆሮ ግን ሰምቶ ነበር፤ ያ ነው የከፋው። ዓሊማ ሻዩን መቅዳት አቆመች። አሚናትን አሰበች፤ ገላዋን ስታጥብ ሆዷ ላይ ያየችውን፣ ናሲር የተወለደበትን የቀዶ ጥገና ጠባሳ። ተነስታ ከመሳቢያው ሥር በሦስት ፌስታል የተጠቀለለውን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ግማሽ ቅጠል ቀርቶበታል።

«ጥቁር አዝሙድ አልነበረም» አለች። «እኔ ነኝ።»

ናሲር ጠርሙሱን አገላብጦ አየው።

«ስንደዋወል ለምን አልነገሩኝም? ሁለት ጊዜ ተደዋውለናል።»

«አፍሬ ነው ልጄ።»

«እኔ ደግሞ በልጆቼ ፊት አፈርኩ» አለና ሻዩን ሳይነካ ወጣ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ። ዓሊማ ቁልፉን እያየች የዙህርም የዓስርም ሶላት ደረሰባት።

በማግስቱ በሩ ተንኳኳ። ናሲር ነበር፤ ፊቱ አልተፈታም። «ዲፖው ሄደው ይነግሩልኛል?» አለ።

«እነግራለሁ።»

ኦፊሱ ውስጥ አንድ ሥራ አስኪያጅና አንዲት የሠራተኛ ማኅበር ሴት ነበሩ። አስተርጓሚ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቋት፤ አዎ አለች። ስልኩ ጠረጴዛው መሐል ተደረገ። አንድ ድምፅ የአስተርጓሚ ቁጥሩን ተናገረ። ሲሀም። ዓሊማ ለአንድ አፍታ በሩን አየች፤ ከዚያ ናሲርን አየችና ጀመረች። እጇ እንዴት አልታጠፍ እንዳላት፣ ከስልኳ ምን እንደገዛች፣ ቅጠሉን ፍቃ ምን ውስጥ እንደገለበጠችው፣ ናሲር በስልክ ሲያነጋግራት እያወቀች ዝም እንዳለች። ሲሀም እንደ ሙያዋ እያንዳንዷን ቃል በራሷ አፍ አድርጋ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው፤ እኔ ገዛሁ፣ እኔ ደበቅሁ፣ እኔ አልነገርኩትም። ዓሊማ እንግሊዝኛዋ ለዚህ ይበቃል። ኃጢአቷን በሌላ ሰው ድምፅ ስትሰማው እንባዋ መጣ። ስልኩ ሊዘጋ ሲል ሲሀም በአማርኛ «አላህ ያሽርዎት» ብቻ አለች።

ሁለቱን ጠርሙሶች ድርጅቱ ወደ ላብራቶሪ ላከ። ዜሮ የተባለው ዜሮ አልነበረም። የሻጩ ገጽ ሲፈለግ ጠፍቷል፤ ሁለት ሺው ሰውም አብሮ ጠፍቷል። የሠራተኛ ማኅበሯ ሴት እንዲህ ያለው ዘይት በዚህ አገር በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ነው፣ ሐኪምሽን ብትጠይቂው ኖሮ ይነግርሽ ነበር አለቻት። ናሲር በስድስተኛው ሳምንት ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጋር ወደ መሪው ተመለሰ።

ሰው ግን ደብዳቤ አያነብም። ዓሊማ ወሬዬ ወጣ ብላ በየቀኑ ስትጠብቅ ማንም ምንም አላላትም፤ ሲሀም አፏን ዘግታ ነበር። ወሬው የቀረው በናሲር ላይ ነው። «በጠበቃ ወጣ» ይባላል። ዓሊማ የእሷ ስም ንጹሕ ሆኖ የእሱ መቆሸሹን ሁለት ሳምንት ቻለችው። በሦስተኛው ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ አጣቢዎቹ ሴቶች ከፈን የሚባለውን የመግነዣ ጨርቅ ሊቆርጡ ተሰብስበው ሳለ፣ መቀሱን አስቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻቸው። «ልጁ ላይ የተወራው የእኔ ነው» አለች። «እኔን አውሩኝ።»

ከፈኑ ተዘርግቶ እንዳለ መቀሶቹ ቆሙ። አንዷ «ወይ ጉድ» አለች። ሐጃ ዘምዘም መነጽሯን አወለቀች።

«ናሲርን እኔም አምቼዋለሁ» አለች። «ሄጄ አፉ በለኝ እለዋለሁ። ያን ቀን የሟቿ ክንድ ሲያመልጥሽ አይቻለሁ፤ ሳልጠይቅሽ ዝም አልኩ፤ ያም ጥፋት ነው።»

«እንግዲህ ሌላ ሰው ይፈልጉ ሐጃ። እጄም አይሆን፣ ስሜም አይሆን።»

«ኑዛዜዬ ላይ የሚያጥበኝ ሰው ብዬ ያስጻፍኩት ያንቺን ስም ነው። አልሰርዘውም፤ በዚህ ዕድሜዬ ገላዬን ለአዲስ ሰው አላሳይም። እጅሽን ታከሚ፤ እስከዚያ ውሃውን እኔ አፈስሳለሁ።» ከዚያ ለሁሉም «ቁረጡ እንጂ፣ ምን ታያላችሁ» አለችና መነጽሯን መለሰች።

ሰኞ ጠዋት ዓሊማ ክሊኒኩ ደወለች። ናሲር ሶፋው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ቁልፉ እንደገና ኪሱ ገብቷል። የክሊኒኩ ልጅ አስተርጓሚ ቡክ ላድርግልሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«አዎ» አለች ዓሊማ፤ ከዚያ ናሲር ዲፖው ሰምቶ ወረቀት ላይ ጽፎ የሰጣትን የሲሀምን የአስተርጓሚ ቁጥር እያየች አንድ በአንድ አነበበችላት። «ይህችኛዋን። ከተገኘች።»