ጠበል የነካው ሬዲዮ

ወንድሜ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ነበረው ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ! በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል የተወጠረ ሽቦና ከጨረታ የተገዛ አሮጌ ሬዲዮ ነበር፤ በደርግ ዘመን፣ አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል? ደብረ ብርሃን ፊዚክስ ያስተምራል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እናታችን ቤት እየመጣ የሰማይን ሹክሹክታ ያዳምጣል። የቀበሌ ሰው ብቅ ሲል እናታችን ሮጣ ሽቦው ላይ ጋቢ ታሰጣበታለች።

እሱ ግን ሹክሹክታው አልበቃውም። እኛ ኮከብ የምንለው ጁፒተር ድንገት የሚለቀውን ድምፅ ፈለገ። «ዓይንሽን ጨፍነሽ ሳትገልጪ ያልቃል» ይለኛል። አሮጌው ሬዲዮ ሁሉን አለስልሶ ስለሚያወጣ እንዲህ ያለውን አጭር ድምፅ ይውጠዋል። የሚያለሰልሰውን ክፍል ነቅሎ ከተሰበሩ ሬዲዮዎች በለቀመው ፈጣን ዕቃ ሊተካ፣ ክረምቱን ሙሉ እርሳስ እያቀለጠ ሽቦ ሲበይድ ከረመ። «አንተ ሰው፣ ሚስት ብትፈልግ አይሻልህም?» እለዋለሁ። አልሰሜን ግባ በለው!

ሥራው ባለቀ ሰሞን ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። ሰኞ ሊሄድ ነው፤ ኮከቡ ለማዳመጥ የሚመችበት ጊዜ የቀረው እሁድ ጎህ ብቻ ነበር።

«ያኔ ካልሰማሁት መቼም አልሰማውም» አለኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ ባትሪ ፍለጋ አብሬው ወጣሁ።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ተቀመጥን። ባትሪውን ከአንድ የደብረ ሲና የጭነት መኪና ሹፌር ለምነን ነው የተዋስነው። የሬዲዮው ክዳን ተነሥቷል፤ ውስጡ እንደ አምፖል የሚግሉት ብርጭቆዎች ቀልተዋል። ሹ... ይላል፣ ሌላ የለም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ወንድሜ ትንፋሹን ውጦ ሬዲዮው ላይ አቀርቅሯል።

እናታችን ከኪዳን ስትመለስ በጆግ ጠበል ይዛ ገባች። «በስመ አብ! ለልጄ መንገዱን ያቅናለት፣ ለዚህም ዕቃ አፉን ይክፈትለት» አለችና እሱንም ሬዲዮውንም ረጨቻቸው።

ጧ! ጧ! ከዚያ ጭጭ።

«መጣ! ኮከቡ መጣ!» ብላ እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው።

ደሜ ፈላ። ቀዝቃዛው ውሃ የጋሉትን ብርጭቆዎች ሰንጥቋቸዋል። «አጠፋሽው!» ልላት አፌን ስከፍት ወንድሜ እጄን ጨመደደኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አዎ እማዬ፣ ሰማሁት» አላት። «በጠበልሽ መጣ።»

ውጭ ሽቦውን ስንጠቀልል፣ «ስመለስ ብርጭቆዎቹን እተካቸዋለሁ» አለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

አልተመለሰም። መርዶው የመጣ ቀን እናቴ ደረቷን እየደቃች፣ ለቅሶ ለደረሰው ሁሉ፣ «የወደደውን ሳይሰማ አልሄደም ልጄ፤ በዚህ በእጄ ነው ያሰማሁት» ትላለች። እሷን ያጽናናት ነገር ይኸው ብቻ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺም ነበርሽ፤ አልሰማሽም?»

ሰዉ ሁሉ አየኝ። «ሰምቻለሁ እማዬ» አልኳት። እስክትሞት ድረስ ትጠይቀኝ ነበር፤ እኔም እስክትሞት ድረስ ሰምቻለሁ አልኳት።