ዕጣ የወጣላት ሴት

የድሮ የወንጀል ልብ ወለድ ወዳጆች ድሬዳዋ ላይ በተሰበሰቡበት አዳራሽ፣ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ያን ሁሉ ሙቀት ችላ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳዋለች። ፎቶ አንሺው ወደኛ በዞረ ቁጥር ጫማዋን እንደሚያስተካክል ሰው ታጎነብሳለች። ያደረገችው ግን ነጠላ ጫማ ነበር።

መድረኩ ላይ ስፖንሰሮቹ፣ ፍራሽ ነጋዴውና የለስላሳ አከፋፋዩ፣ ቆመዋል። ዕጣ የወጣለት ከነሱ ጋር ፎቶ ይነሳል፤ ፎቶውም ወዲያው ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል። ሰው ሁሉ ትራስና ቲሸርት ሲመኝ፣ እሷ ዓይኗን የተከለችው ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ላይ ነበር።

"ልጅ ሆኜ ሳልጨርሰው አባቴ ቀደደብኝ" አለችኝ። "ገዳዩን እስከ ዛሬ አላወቅኩትም።"

የመጽሐፉ ዕጣ ሲወጣ ቁጥሩ የእሷ ሆነ። ተነሺ ስላት ቲኬቱን እጄ ውስጥ ወተፈችው።

"አቦ ወንድሜ፣ አንተ ውጣልኝ። ፎቶዬን ፌስቡክ ላይ አይቶ እዚህ መምጣቴን የሚያውቅብኝ ሰው ቤት አለ።"

ወጥቼ በሁለቱ ስፖንሰሮች መሃል ፈገግ አልኩና መጽሐፉን ይዤላት ተመለስኩ። ነጥቃኝ በቀጥታ የመጨረሻዎቹን ገጾች ገለጠች። አንዴ መስመሩን፣ አንዴ በሩን እያየች አነበበች፤ ከዚያ ከት ብላ ሳቀች።

"ወላሂ፣ እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ሚስቱን ነበር የምጠረጥረው!"

ሳቋ ቶሎ ጠፋ። መጽሐፉን መልሳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

"ይዤው ቤት አልገባም" ብላ፣ ስሜን እንኳ ሳትጠይቀኝ ወጣች።