ቁርሴን በልቼ፣ ከረጢቴን ይዤ

ወገኖች፣ የጌታ ስም ይባረክ! እዚህ ፊታችሁ የቆምኩት ጌታ ያደረገልኝን ልነግራችሁ ነው። ፕሮግራም መሪው አልጠራኝም፤ ራሴ ነኝ የመጣሁት። ጋሽ በቀለ፣ እባክዎ እጅዎን አይዘርጉ፣ ዛሬ ማይኩን አልሰጥዎትም። ሳቁ፣ ሳቁ፤ እኔ ግን የምሬን ነው።

ጋሽ በቀለ የጉባኤያችን ሽማግሌ ናቸው፣ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ልመስክር ባልኳቸው ቁጥር «እህት ዘነበች፣ ታገሺ። ከረጢቱ ከሆድሽ ይውረድና ያኔ በሙሉ አፍሽ ትመሰክሪያለሽ» ይሉኛል። ታገስኩ። ዓመታት ታገስኩ። ወገኖች፣ ከረጢቱ አልወረደም፤ ይኸው በዚህ ቀሚስ ስር አለ። አፌ ግን ሙሉ ነው፣ ሃሌ ሉያ!

አዲስ የመጣችሁ ስላላችሁ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ጂጂጋ የመጣሁት ከናዝሬት ነው፣ ለንግድ። ገበያው ውስጥ ድሪያና ሻሽ እሸጥ ነበር። ምላሴ ስለት ነበር። የእግዚአብሔርን ስም የሚጠራ ደንበኛ ከመጣ «እሱን ተወውና ጨርቁን እይ» የምል ሴት ነበርኩ። አንድ ቀን ከቶጎ ውጫሌ፣ ከድንበሩ ገበያ፣ ዕቃ ጭኜ ስመለስ መኪናው ላይ ሆዴን ቆረጠኝ። ለካ አንጀቴ ተጠማዞ ኖሯል። ሐረር ወስደው ቀደዱኝ፤ የሞተውን አንጀት ቆርጠው ጣሉና የተረፈውን ጫፍ ሆዴ ላይ በቀኝ በኩል አወጡት። ስነቃ ሆዴ ላይ ቀይ ሥጋ፣ በላዩ ደግሞ የላስቲክ ከረጢት ተለጥፏል። «ከእንግዲህ የበላሽው የሚወጣው በዚህ ነው፤ መልሶ መግጠም አይቻልም» አሉኝ። ምን ልዋሻችሁ፣ ያን ቀን ለእግዚአብሔር የተናገርኩት ስድብ ነበር።

ሱቄን ከፈትኩ። ግን ከረጢቱ ሲሞላ ያብጣል፣ ደንበኛ ፊት ያጉረመርማል፣ አንዳንዴም ይለቅና ያፈሳል። እፍረቱ ሊገድለኝ ደረሰ። ኋላ አንድ ዘዴ አገኘሁ፤ አለመብላት። ካልበላሁ አይሞላም። ጠዋት ምንም ሳልቀምስ፣ ውሃ እንኳ ሳልጠጣ እወጣለሁ፤ ስመለስ በሬን ዘግቼ እበላለሁ። ከረጢት የያዘ ሰው ሁሉ ይህን ዘዴ ሳያስበው የሚቀር አይመስለኝም።

እህት አስቴር፣ ያቺ ከኋላ የተቀመጠችው፣ ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ ትኖር ነበር። ከረጢቴ አልጋዬ ላይ የፈሰሰ ቀን ገብታ፣ አፍንጫዋን ሳትይዝ፣ አንሶላዬን አጠበችልኝ። እሷ «ጸሎት ቤት እንሂድ» ስትለኝ እምቢ ማለት አቃተኝ። መጣሁ፤ የመጣሁት ግን ላምን አልነበረም፣ እግዚአብሔርን ልሟገተው ነበር። ጉባኤ መሃል እንዳይሞላብኝ ደግሞ ቅዳሜ ማታ እንኳ እህል አልነካም። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሻይና ዳቦ ስታቀርቡልኝ እመልሳለሁ። እናንተ ምን አላችሁ? «ይቺ እህት እንዴት ያለች ጾመኛ ናት!» ጌታን ገና አልተቀበልኩም ነበር እኮ! ይባስ ብላችሁ የጾም ጸሎት ቡድን ውስጥ አስገባችሁኝ።

ከዚያ ሰውነቴ ከዳኝ። ፊቴ ገረጣ፣ ምላሴ ቃሪያ እንደበላ ሰው ይቃጠላል፣ እግሬ ይደነዝዛል፣ የዘወትር ደንበኛዬ ስም ይጠፋኛል። ክሊኒክ ሄድኩ፤ የደም ማነስ ነው ብለው የብረት ክኒን ሰጡኝ። ከረጢቱን ሳራግፍ ክኒኑ ሳይሟሟ፣ እንደዋጥኩት ሆኖ ወጣ! ከጎኔ ሱቅ ያላት ሆደን፣ ሱማሌ ጎረቤቴ፣ የግመል ወተት ታመጣልኝ ጀመር። «አባዮ» ትለኛለች፣ እህቴ ማለቷ ነው፤ «የሀርሺንን የግመል ወተት የጠጣ ሰው ደም አያንሰውም።» ይዤ እገባና ማታ እጠጣለሁ፤ ግልብጥ ብሎ ይወጣል። ጉበትም በላሁ። ሆደን ታየኝና «ይህን ሁሉ ወዴት ነው የምታደርጊው?» ትላለች። ወዴት እንደሚሄድማ እኔ አውቃለሁ፤ አልነገርኳትም እንጂ።

አንድ የጾም ጸሎት ቀን፣ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ወደቅሁ። ታስታውሳላችሁ? ርኩስ መንፈስ መሰላችሁ። ጋሽ በቀለ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው «ውጣ! ውጣ!» ይላሉ። ኧረ ወገኖች፣ ምን ይውጣ? ወጥቶ አልቋል እኮ! አስቴር ናት የዓይኔን ቆብ ገልብጣ አይታ «ነጭ ነው! ይሄ መንፈስ አይደለም፣ ደም የላትም!» ብላ የጮኸችው። በባጃጅ ጭነው ሆስፒታል አደረሱኝ።

ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ውጤቱን አይቶ ራሱን ያዘ። «እትዬ፣ በዚህ ደም ቆመው መሄድዎ ይገርመኛል» አለኝ። ስለ ወተቱም፣ ስለ ጉበቱም፣ ቀን ቀን ስላለመብላቴም ነገርኩት። «ቢ ትዌልቭ የሚባለውን ቫይታሚን ከምግብ የሚመጠው ያ ተቆርጦ የወጣው አንጀት ነው። የሀርሺንን ግመል በሙሉ ቢያልቡት አይገባልዎትም። በመርፌ ነው የሚወስዱት፣ ዕድሜ ልክ። ብረቱንም በፈሳሽ እንሰጥዎታለን። ደግሞ ይብሉ! ጨውና ስኳር ያለው ውሃ ይጠጡ! ለመሆኑ ማነው አይብሉ ያለዎት?» ማንም አላለኝም። እፍረቴ ነው ያለኝ።

ደም በአስቸኳይ አስፈለገ። ማን ሰጠ? ያ «ውጣ!» ሲል የነበረው ሰው! ጋሽ በቀለ ባጃጁን ተከትለው መጥተው ኖሯል፤ ደማቸው ገጠመ፣ ክንዳቸውን ሰጡ። ጌታ ይባርክዎት! ያ ደም ጠብ ጠብ እያለ ሲገባልኝ አየሁትና ልቤ ተሰበረ። «ጌታ ሆይ» አልኩ፣ «ይህን ከረጢት ካላወለቅህልኝ አላምንህም ብዬህ ነበር። አንተ ግን አንሶላዬን የምታጥብ ሰው ላክህልኝ፤ «ውጣ!» ሲለኝ የነበረውን ሰው ደም ላክህልኝ። ሙግቴን ትቻለሁ፤ ከነከረጢቴ ውሰደኝ።» ወሰደኝ! እልል በሉ እንጂ! ያን ቀን ነው የዳንኩት። እዚህ በጾመኝነት ስታመሰግኑኝ ሳይሆን፣ እዚያ አልጋ ላይ፣ ከረጢቴ እንደተለጠፈ።

አንድ እንግዳ አገልጋይ «እምነት ካለሽ መርፌውን አቁሚ» አለኝ። «አንተ ቁርስህን አቁም፣ እኔም መርፌዬን አቆማለሁ» አልኩት። አላቆመም፤ እኔም አላቆምኩም። መርፌው ሲገባ አመሰግናለሁ፤ ደሜን ስመረመር አመሰግናለሁ። ምላሴ በርዷል፤ የደንበኞቼን ስም ከነልጆቻቸው አውቃለሁ። የእግሬ ጣቶች መደንዘዝ አልለቀቀኝም፤ እሱንም አልደብቃችሁም። ለከረጢቴማ ከድሪያ ጨርቅ ሽፋን ሰፍቼለታለሁ፤ አሁን ከእኔ በላይ የሚዘንጠው እሱ ነው።

ሆደንም በመጨረሻ ከረጢቱን ገልጬ ሳሳያት ጠየቀችኝ፤ «ጌታሽ ካዳነሽ ከረጢቱን ለምን አልወሰደውም?» አለችኝ። «ሲገድለኝ የነበረው ከረጢቱ አይደለም፣ መደበቄ ነው» አልኳት። አሰበችና «እንግዲያው ብዪ» ብላ ቁርሷን ገምሳ ሰጠችኝ። ይኸው እስከዛሬ ጠዋት ጠዋት አብረን እንበላለን፤ ሳልበላ ሱቄን ከከፈትኩ ትቆጣኛለች።

ጋሽ በቀለ፣ አባቴ፣ አሁን ይስሙኝ። ከረጢቱ እስኪወርድ አልጠብቅም። ደምዎ ውስጤ ነው ያለው፤ ይህ ምስክርነት የእርስዎም ነው። ከዚህ በኋላ ዝም በይ ቢሉኝ የራስዎን ደም ዝም በል ማለትዎ ነው። አለቀሱ? ያልቅሱ፣ ጌታ ይክበር!

ከእናንተም መካከል እንዳይታወቅበት ሳይበላ የመጣ፣ ክኒኑን ደብቆ የሚውጥ፣ ስድን እመጣለሁ ብሎ ከጌታ የሸሸ ሰው ካለ እንዳለህ ና፣ እንዳለሽ ነይ። እሱ እኔን ከነከረጢቴ ካልተጠየፈ አንተን አይጠየፍም። ብቻህን መምጣት ከከበደህ እኔ አብሬህ እቆማለሁ።

እኔ ዛሬ ቁርሴን ጠግቤ በልቼ ነው የመጣሁት። ይኸው እያወራኋችሁ ከረጢቱ ሞልቷል፣ ፊት ወንበር ያላችሁ ድምፁን ሳትሰሙት አልቀራችሁም። አላፍርም! ማይኩን እንኩ፣ ጋሽ በቀለ። መዝሙሩን ጀምሩ፤ አራግፌው መጥቼ አብሬያችሁ እዘምራለሁ።