መውጫውን የምትጠይቀው እንግዳ

ደሴቲቱ ላይ፣ ከባሕሩ ዳር የእረፍት ቤት የተከራየችው ሴት በየቀኑ አንድ መንደር ትጎበኛለች። ኮረብታው ላይ ወዳለው የአሮጊቷ የአርጊሮ ምግብ ቤት ግን ሳትመጣ አትውልም። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ ወደቡ አዙራ ትቀመጣለች። ሌላው እንግዳ ስለ ቤተ ክርስቲያኑና ስለ መዋኛው ሲጠይቅ፣ እሷ የምትጠይቀው ከየመንደሩ በየት በኩል እንደሚወጣ ነው።

«ጎብኚ ናት ወይስ መንገድ ቀያሽ?» ይላሉ ከምግብ ቤቱ ደጅ ወይራ ሥር የሚቀመጡት ሽማግሌዎች እየሳቁ። አርጊሮ ግን አትስቅም። መርከቡ በጮኸ ቁጥር ሹካው ከሴትየዋ እጅ ሲወድቅ አይታለች።

«ማንን ነው የምትፈሪው፣ ልጄ?» አለቻት አንድ ቀን።

«ማንንም። ፀሐዩ ነው።»

ትናንት ቀትር ላይ ሴትየዋ ጓዳ ገብታ እጇን ስትታጠብ፣ አለባበሱ ያማረ ሰው ደጁ ላይ ቆመ። ድምፁ ማር ነው።

«እማማ፣ ባለቤቴን አላዩዋትም? ትንሽ ያማታል።»

ጓዳ ውስጥ የውሃው ድምፅ ቀጥ አለ።

«ማንም አልመጣም» አለች አርጊሮ።

ሰውየው ጠረጴዛው ላይ የተጀመረውን ዓሣ አየና ፈገግ ብሎ ወንበር ሳበ። «ግድ የለም፤ እዚሁ እጠብቃታለሁ።»

አርጊሮ የጓዳውን በር ዘግታ በሩን ተደግፋ ቆመች። ከዚያ ሽማግሌዎቹን በየስማቸው ተጣራች። አንድ በአንድ ብድግ አሉ።